ሦስት ወር እስር ወይስ ሦስት ወር ሥራ?

እስቲ አንድ ወጣት አስቡ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከጀሞ መካኒሳ በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት ነው። አንድ ቀን በመልስ ምክንያት ከተሳፋሪ ጋር ተጣላና በጥፊ መታው። ተሳፋሪው አልቆሰለም፤ ጥፋት ግን ጥፋት ነውና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ምን ቢወስኑ ይሻላል?

ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «ይታሰር!» እንላለን። እኔ የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምንፈልገው ውጤት ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ልጁ ያጠፋውን እንዲክስ፣ ደግሞም እንዳይደግም ነው የምንፈልገው።

ሦስት ወር ቢታሰርስ? ሳምንት ሳይሞላ ታክሲው ሌላ ረዳት ይቀጥራል። የቤት ኪራዩ ይጠራቀማል። እናቱ ስንቅ ስታመላልስ ከሥራዋ ትቀራለች። ሲፈታ ሥራ የለውም፣ ዕዳ አለበት፣ አዲስ ጓደኞቹም እስር ቤት የተዋወቃቸው ናቸው። ሰውን ከጥፋት የሚይዙት ሥራው፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ናቸው፤ እነሱን የበጠሰው ደግሞ ራሱ ቅጣቱ ሆነ ማለት ነው። ሰፈሩም ያተረፈው ነገር የለም።

ሕጋችን ሌላ መንገድ አለው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 103 ላይ «የግዴታ ሥራ» የሚባል ቅጣት ደንግጓል። ወንጀሉ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣና ጥፋተኛውም ለኅብረተሰቡ አደገኛ ያልሆነ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በእስራት ፈንታ ሥራ ሊፈርድበት ይችላል። ጥፋተኛው በመደበኛ ሥራው ላይ ወይም በሕዝብ ተቋምና ግንባታ ላይ እየሠራ፣ ከሚያገኘው እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ለመንግሥት ይቆረጥበታል። ልጃችን በቀን 300 ብር ያገኛል እንበል፤ እስከ 100 ብሩ ለቅጣቱ ይሄዳል፣ ቀሪው ቤቱ ይገባል። ይቀጣል፣ ግን ከሥራውም ከቤተሰቡም አይነጠልም።

በሌሎች አገሮች ቅጣቱ የሚለካው በሰዓት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ጥፋተኞችን ከ40 እስከ 240 ሰዓት ለማኅበረሰቡ ያለ ክፍያ ማሠራት ጀመረች። በ1990ዎቹ ዚምባብዌም ተከተለች። እኛም ዘንድ ቢሆን ሥራ አይጠፋም፤ በላፍቶ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ብቻውን ስንት ሰዓት ጽዳት ይፈልጋል!

ግን ይሠራል ወይ? ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ4,000 በላይ ጥፋተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ አገልግሎት የተፈረደባቸው ሰዎች አጭር እስራት ከተፈረደባቸው ይልቅ ጥፋት የደገሙት በ47 በመቶ ገደማ ባነሰ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ዳኞች መጀመሪያውኑ የተሻለ ጠባይ ያላቸውን ለአገልግሎት መርጠው ቢሆንስ? ተመራማሪዎቹ ይህን ለመቀነስ በዕድሜ፣ በቀድሞ ጥፋትና በመሳሰለው የሚመሳሰሉ ሰዎችን ነው ያወዳደሩት።

ስዊዘርላንድ ውስጥ በቮ ካንቶን ደግሞ 123 ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ አንዳንዶቹ አገልግሎት፣ ሌሎቹ ቢበዛ የ14 ቀን እስር ደረሳቸው። ከ11 ዓመት በኋላ ሲታዩ በሁለቱ መካከል ግልጽ ልዩነት አልነበረም። ይህ የመጀመሪያውን ጥናት ያፈርሳል? አይመስለኝም። የተሞከሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ደግሞም ሁለት ሳምንት መታሰር የሰውን ኑሮ እንደ ሦስት ወር አያናጋም። ልዩነቱን ሳይፈጥር አይቀርም ብዬ የምገምተው የእስሩ ርዝመት ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ሥራውን የሚቆጣጠር፣ ሰዓቱን የሚመዘግብ፣ ሲቀር የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ቅጣቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የተመታው ተሳፋሪም «ቀለደብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ቁጥጥሩ ካለ ግን፣ ከሦስት ወር በኋላ ያ ረዳት ዕዳውን ከፍሎ ጀሞ ላይ «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ ሲጣራ ይገኛል። ያ ተሳፋሪ እንደገና ታክሲው ውስጥ ቢገባ፣ ከየትኛው ልጅ ጋር መገናኘት የሚመርጥ ይመስላችኋል?