ትልቁ የቪዲዮ ጌም ገበያ ለምን ተበተነ?

ከ1995 ጀምሮ የቪዲዮ ጌም ኢንዱስትሪ ዋነኛ መገናኛ ሆኖ የቆየው «ኢ3» የተሰኘው የአሜሪካ የንግድ ትርዒት ዳግመኛ እንደማይካሄድ አዘጋጁ ማኅበር በዲሴምበር 2023 በይፋ አስታውቋል (ዘመናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለመሆኑ በአንድ ወቅት 70 ሺህ ያህል ሰው ያስተናገደ ትርዒት እንዴት ለዚህ በቃ?

ትርዒቱ የተወለደው ከቅሬታ ነው። ቀደም ሲል የጌም ኩባንያዎች ምርታቸውን የሚያቀርቡት ሲ.ኢ.ኤስ. በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ሲሆን፣ እዚያ ግን የሚታዩት እንደ እንጀራ ልጅ ነበር። በመሆኑም የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በሜይ 1995 ሎስ አንጀለስ ላይ የራሳቸውን ትርዒት ከፈቱ። በዚያው ዓመት ሴጋ «ሳተርን» የተባለውን መጫወቻ በ399 ዶላር መሸጥ መጀመሩን ሲያውጅ፣ የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጥተው «299» ብቻ ብለው ወረዱ። የፕሌይስቴሽን ዋጋ መሆኑ ነው።

ትርዒቱን ያቆመው የዘመኑ የንግድ አሠራር ነበር። ጌም በካርትሪጅና በሲዲ ታሽጎ በሱቅ ስለሚሸጥ፣ የትልልቅ መደብሮች ገዢዎች አስቀድመው አይተው ለገና ገበያ ያዝዛሉ። ጋዜጠኞችም ሞክረው ይጽፋሉ። ኩባንያው ሁለቱንም ወገን በሦስት ቀን ውስጥ ያገኛል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በወጪ ነው። ለአንድ ዳስ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማፍሰስ ያማረራቸው ኩባንያዎች ስለበዙ፣ የ2007ቱ ትርዒት ሳንታ ሞኒካ ላይ በግብዣ ብቻ ተካሄደ። በ2009 ወደ ቀድሞው ድምቀቱ ቢመለስም ኢንተርኔት መሠረቱን ሸርሽሮት ነበር። ጌም በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር የሱቅ ገዢው ሚና ቀነሰ። ኩባንያዎችም በቀጥታ ቪዲዮ ለተጫዋቹ ራሳቸው መናገር ቻሉ። ኔንቲዶ በ2013 ትልቁን መግለጫውን ተወ፤ ሶኒ በ2019 ጭራሽ ቀረ። አዘጋጁ በ2017 15 ሺህ ትኬት ለሕዝብ ቢሸጥም ለነጋዴ የተሠራ አዳራሽ በወረፋ ተጨናነቀ። በ2019 ከ2 ሺህ በላይ የጋዜጠኞች የግል መረጃ መውጣቱ አመኔታን ጎዳ። የ2020ው በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ፣ የ2021ዱ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ፣ የ2022ቱና የ2023ቱም ተሰረዙ።

ይህ ማለት ግን የጌም ትርዒት ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም። የጀርመኑ «ጌምስኮም» ከመነሻው በሩን ለሕዝብ የከፈተ በመሆኑ፣ ኮሎኝ ላይ ከ300 ሺህ በላይ ጎብኚ ያስተናግዳል። የከሰመው አምራችና ቸርቻሪ ብቻ የሚገናኙበት ገበያ ነው።

የቀረ ነገር ግን አለ። ኩባንያው ራሱ በሚያሰራጨው ቪዲዮ የሚታየው እሱ የመረጠው ብቻ ነው። በትርዒቱ አዳራሽ ጋዜጠኛው መጫወቻውን በእጁ ይዞ ጉድለቱን ይለያል፣ ከተፎካካሪው ዳስ ሄዶ ያመሳክራል፤ ስም የሌለው አነስተኛ አምራችም አሳታሚ የማግኘት ዕድል ነበረው። ወጪው ለኩባንያዎቹ ቀንሷል፤ ከመግዛቱ በፊት የሌላ ሰው ምስክርነት ያገኝ የነበረው ሸማች ግን በሻጩ ቃል ላይ ይበልጥ ጥገኛ ሆኗል።