ባልሽ «ደክሞኛል» ሲልሽ

እኔ የምሠራው ጅዳ ነው፣ ባለቤቴ መካ ሹፌር ነው። በወር አንዴ ብንገናኝ ነው። በዚያች አንድ ቀንም «ደክሞኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ሌላ ሴት ይዟል አልኩ። እሱ ደግሞ ለካ መተት ተሠርቶብኛል ብሎ ይጨነቅ ነበር። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ሲነሳ እሰማለሁ፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ክሊኒክ ሲሄድ ስኳሩም ደም ግፊቱም ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ወደዚያ የሚሄዱት የደም ቧንቧዎች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፉ ነው፤ የልብ ግን ከ3 እስከ 4 ይሆናሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ ስብና ሲጋራ ቧንቧ ሲያበላሹ ቀጭኑ ቀድሞ ይጠባል። ስለዚህ ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የሌሊቱ ሽንት ከስኳር ሊመጣ ይችላል። ዕድሜው ከ50 ካለፈና ሽንቱ ቶሎ አልወጣ ካለው፣ ከተቆራረጠበት፣ ፕሮስቴት አብጦ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን የደም ቧንቧ ችግር አይደለም። ጠዋት ሲነቃ ደህና ከሆነ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ የስደት ኑሮ ደግሞ ጭንቀት አያጣም።

ከጓደኛ የተገኘ ኪኒን እንዳይውጥ! ቪያግራ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር፣ የደም ቧንቧ ያሰፋል። ምላስ ሥር ከሚደረገው የልብ መድኃኒት ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ ግፊትን በድንገት ጥሎ ሊገድል ይችላል።

ይህ ሽማግሌ የምታስታምሚውንም ይመለከታል። ባባ ደረቱን ቢያመው በ997 አምቡላንስ ጥሪ፣ ማዳምንም ንገሪ። የምላስ ሥሩን ኪኒን በራስሽ አትስጪ፤ የወሲብ ኪኒን ውጦ እንደሆነ ስለማታውቂ፣ እሱም አፍሮ ላይናገር ይችላል። ያየሽው ኪኒን ካለ ካርቶኑን ለአምቡላንስ ሰዎች አሳዪ። ለሌላ የጤና ጥያቄ 937 አለ።

ባልሽን «ወንድነትህ የት ሄደ» አትበዪው። እኔ ብዬው ሁለት ወር ስልኬን አላነሳም። «ግፊትህን ተለካህ? ስኳርህንስ?» ብትዪው ይሻላል። የኔው አሁን ሲጋራ ትቷል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። ሌሊት የሚነሳው አንዴ ነው፤ ሌላውም ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው።