እየሰመጠ የሚሄድ የፍሬን ፔዳል፤ ምክንያቱና መፍትሔው

የአልዱባ ገበያ ማክሰኞ ማክሰኞ ይውላል። በዚያን ቀን ከጂንካ በኩልና ከቀይ አፈር በኩል የሚመጡት መኪናዎች እህል፣ ማር፣ ቡና፣ ፍየልና ሰው አንድ ላይ ጭነው ይታያሉ። መኪና የሌለው ገበሬ «የፍሬን ነገር እኔን ምን አገባኝ» ይል ይሆናል። ነገር ግን በጆንያው ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው። የልማት ሠራተኛውም ዘርና ማዳበሪያ ይዞ በዚያው መኪና ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም ጉዳዩን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

የተባይ መድኃኒት መርጫ በጀርባው ተሸክሞ የሠራ ሰው የፍሬንን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። በመርጫው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ያረጀ እንደ ሆነ እጀታውን የቱን ያህል ቢያመላልሱት ፈሳሹ በጎሚኒው ጠርዝ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ግፊትም አይገኝም። የመኪና ፍሬንም እንዲሁ ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ፖምፓ፣ ይኸውም መካኒኮች ማስተር የሚሉት፣ የፍሬን ዘይቱን በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደየጎማው ይገፋል። በዚያ ያሉት ትናንሽ ፖምፓዎች ደግሞ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቁታል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅምና የእግር ኃይል ሳይጎድል ይደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። በቧንቧው ውስጥ አየር ከገባ የእግርዎ ኃይል ጎማው ዘንድ ሳይደርስ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። መኪናውን በሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፤ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡና እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢቆም አይደንግጡ፤ ይህ የእግርን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ ሥራውን መጀመሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓይነት ኃይል እንደ ረገጡ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና የሚነጥር ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ ደግሞ፣ የኋላ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው መስተካከል የሚፈልጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም አሁንም አየር ነው። እግርዎ ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። ዘይቱ አንድ ቦታ እያመለጠ ነው።

የት? መጀመሪያ የዘይት ዕቃውን ይዩ። ከጎደለ በየጎማው ውስጠኛ ገጽ፣ በላስቲክ ቱቦዎቹና በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ላይ ይፈልጉ። በአገራችን አቧራማ መንገድ ፍሳሹ በንጹሕ ጠብታ መልክ አይገኝም፤ ትቢያው ረጥቦ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ይታያል። ማስተሩ ከሰርቮው ጋር የሚጋጠምበትንም ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ መለወጥ አለበት።

ዕቃው ሙሉ ሆኖ ፔዳሉ ከሰመጠስ? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቼአለሁ። አንድ ማክሰኞ የበቆሎ ዘር ጭነን አልዱባ ደርሰን ሳለ ነጂያችን «ፔዳሉ ይሸሻል» አለኝ። ክዳኑን ከፍተን ብናይ ዘይቱ ሙሉ ነው። «እንግዲያው ምንም የለበትም» ብዬ ጉዞውን እንዲቀጥል የነገርኩት እኔ ነኝ። የተማርኩት እርሻ እንጂ መካኒክነት አልነበረም። ከገበያው ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ነጂው ማርሹን ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ስቦ መኪናውን ወደ ዳገቱ ጥግ አስደገፈው። ከኋላ ስድስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም አልተጎዳ። በኋላ ማስተሩ ሲፈታ ጎሚኒው ጠርዙ ተበልቶ ተገኘ። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይፈስ እዚያው ውስጥ በጎሚኒው እየሾለከ ይመለስ ነበር። መድኃኒቱ ጎሚኒውን፣ የፖምፓው ውስጥ ከተጫረ ደግሞ ማስተሩን በሙሉ መለወጥ ነው። ዘይት መጨመር ምንም አይረዳም።

ጠዋት ደኅና ሆኖ ረጅም ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚለሰልስ ፔዳልም አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ገደማ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ የሚወርድ ነጂ ከመውረዱ በፊት ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዘው ቢያደርግ ፍሬኑ አይግልም። ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል።

አየር ማስወጣት ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ከጎማው ኋላ ካለችው የአየር ማውጫ ቡሎን ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰክቶ ጫፉን ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክራል። በአብዛኛው መኪና የሚጀመረው ከማስተሩ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ነው፤ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያውን ይከተሉ። አንዱ «ረገጥኩ» ሲል ሌላው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይከፍታል፤ ፔዳሉ ሳይነሣ ይዘጋል። አረፋው እስኪያልቅ ይህ ይደጋገማል። በመካከሉ የዘይት ዕቃው ባዶ ከሆነ አዲስ አየር ይገባና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአሮጌ መኪና ላይ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ፤ ጎሚኒው ከዚህ ቀደም ደርሶበት ወደማያውቀው ዝገት ሲወርድ ይቀደዳልና።

በጠርሙሱ የወጣውን ዘይት መልሰው አይጨምሩ። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ውሃ ከቶ አይግባ፤ የሞተር ዘይትና ናፍጣ ጎሚኒውን አሳብጠው ፍሬኑን በሙሉ ያበላሻሉ። ጎሚኒንም በቤንዚን አይጠቡ። የፍሬን ዘይት መርዝ ስለሆነ በአረቄ ወይም በዘይት ጠርሙስ ተደርጎ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

ሲጨርሱ እንደገና እስከ ሠላሳ ቆጥረው ፔዳሉን ይፈትኑ፤ ከዚያም ባዶ መኪናውን በሜዳ ላይ በዝግታ ነድተው ያቁሙት። በማግስቱ ጠዋት የዘይቱን ልክ አንድ ጊዜ ይዩ። ፔዳሉ አሁንም ከሰመጠ ሰዎቹ ይውረዱ፤ እህሉም መካኒክ ከጂንካ እስኪመጣ ድረስ አልዱባ ይደር።