ያውቁ ኖሯል? በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሷ ሐኪሙን ስታስቆም

በኢየሩሳሌም ተመራማሪዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ታካሚ በቀን የሚደረገውን ሁሉ ቆጥረው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። በአማካይ 178 ሥራ፣ 1.7 ስህተት። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ልክ ነው ማለት ነው፤ ለተኛው ሰው ግን ጉዳዩ ያቺ አንዷ ናት።

አሜሪካዊው ሐኪም ፒተር ፕሮኖቮስት ከእነዚህ ስህተቶች ለአንዱ፣ በቱቦ ሰበብ ለሚመጣው የደም ኢንፌክሽን፣ መፍትሔውን በወረቀት ላይ ጻፈው። ቱቦ በትልቁ የደም ሥር ከመግባቱ በፊት እጅ ይታጠባል፤ ቆዳ በክሎርሄክሲዲን ይጸዳል፤ ጓንት፣ ጋውንና ጭንብል ይለበሳል፤ ታካሚው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። በተቻለ መጠን ቱቦው በብሽሽት በኩል አይገባም፤ ሳያስፈልግም አይቆይም። ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም! አዲሱ ነገር ሌላ ነው፦ ሐኪሙ አንዷን ከዘለለ ነርሷ «ዶክተር፣ ይቆዩ!» የማለት ሥልጣን አገኘች። ማዘዝ ለለመዱ አለቆች ቀላል አልነበረም።

በሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ ክፍሎች ይህን ተገበሩ። በቱቦ ሰበብ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን በ18 ወራት እስከ 66 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱም በ2006 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ዘመድዎ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኛ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብለው ለመጠየቅ አይፍሩ።