የማይናገረው ልጅ ለምን ይዘምራል?

ውሃ ሲጠማው «ውሃ» ብሎ መጠየቅ የማይችል ልጅ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሰማውን መዝሙር ዜማውን ሳያዛንፍ ሲያንጎራጉር ሰምተው ያውቃሉ? በዓለም ገናም ይሁን በሰበታ፣ በቡራዩም ይሁን በሱሉልታ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህ ሊገጥመው ይችላል። «መዝሙሩን ከቻለ መናገሩ ለምን አቃተው? እልኸኛ ነው እንጂ!» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። ነገሩ ግን እልኸኝነት አይደለም። የወላጅ ኃጢአት ያመጣው እርግማን ወይም ርኩስ መንፈስም አይደለም። ኦቲዝም ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ አእምሮው የሚያድግበት መንገድ ልዩነት ነው፤ በአብዛኛውም ከዘር ጋር የተያያዘ ነው።

የዜማው ነገር ከጥንቱም ታውቋል። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ለዓለም ባስተዋወቀው ጽሑፉ ስለ 11 ልጆች ተርኳል። ከእነርሱ የመጀመሪያው፣ ዶናልድ ትሪፕሌት፣ በአንድ ዓመቱ ብዙ ዜማዎችን በትክክል ያንጎራጉር ነበር። ይኸው ሰው አድጎ በባንክ ሠርቷል፤ ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ ነው።

ታዲያ ዜማ ከንግግር ለምን ይቀላል? ሰው ሲያናግረን ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ የፊቱ ሁኔታ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ያው ሰው ያንኑ ነገር ነገ ሲናገረው ደግሞ ሌላ ይመስላል። መዝሙር ግን ትናንት እንደነበረው ዛሬም ያው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልጆችን አእምሮ በምስል ሲመረምሩ፣ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ ለቋንቋ የሚያገለግለው የግራ ክፍል ለንግግር የሰጠው ምላሽ ደካማ ሲሆን ለዘፈን የሰጠው ግን ጠንካራ ነበር። ከዚህም ሌላ የአንድን ድምፅ ከፍታ ያለ ምንም ማነጻጸሪያ ለይቶ የማወቅ ችሎታ ከ10,000 ሰው በአንዱ ይገኛል ተብሎ ሲገመት፣ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዓይነ ስውርና ኦቲዝም ያለበት አሜሪካዊው ኮዲ ሊ እ.ኤ.አ. በ2019 በታወቀ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር አሸንፏል። እንዲህ ያለውን ሲያዩ «የእኔስ ልጅ?» ማለት የወላጅ ወግ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ግን እንደ እርሱ አይሆኑም። ደስ ብሎት ጄሪካን የሚደበድብ ልጅ ደስታው ብቻውን በቂ ነው፤ «ተአምር እዩ» ተብሎ በጉባኤ ፊት መቆም የለበትም።

በአገራችን ይህን ደስታ በስሙ የያዘ ተቋም አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ጆይ ማለት ደስታ ነው። ልጆች ተደብቀው በሚያድጉበት ዘመን በአደባባይ «ልጄ ነው» ማለታቸው ብቻ ስንቱን እናት ከጓዳ አወጣ! ንግግር ለማስተማርም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ ቀርጸዋል። የፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ድምፅ ነው፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያልን የቆጠርነውም በዜማ እንደነበር ልብ ይበሉ። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ይሁን እንጂ ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፤ ከዓለም ገና በየቀኑ በታክሲ ልጅ አመላልሶ ሥራ መያዝም ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በቤት የሚደረገው ዋጋ አለው።

ሙዚቃ ኦቲዝምን ያድናል የሚልዎትን ግን አይመኑ። በዘጠኝ አገሮች በ364 ልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ወር የሙዚቃ ሕክምና በኋላ የኦቲዝሙ ምልክቶች ከሌሎቹ ልጆች ይበልጥ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የ26 ጥናቶች ግምገማ በልጆቹ አጠቃላይ ሁኔታና የኑሮ ደስታ ላይ መሻሻል አግኝቷል። እንግዲህ የሚጠበቀው ፈውስ ሳይሆን መገናኛ ነው።

ልጁ የሚወደውን መዝሙር ይምረጡ፤ አብረው ይዘምሩና የመጨረሻዋን ቃል ሳይሏት ዝም ይበሉ። ይጠብቁ። እኛ አዋቂዎች ዝምታ ስለሚከብደን ቶሎ እንሞላዋለን፤ እርሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዓይኑን ወደ እርስዎ ካዞረ ወይም አንድ ድምፅ ካወጣ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው። እጅ ለመታጠብ አንድ ዜማ፣ ለመተኛት ሌላ ዜማ ቢኖረው ቀጥሎ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ጩኸቱ ሊቀንስ ይችላል።

በጸሎት ቤትም ከሞንታርቦው ርቃችሁ በበሩ በኩል ተቀመጡ፤ ጆሮውን በእጁ የሚደፍነው አምልኮውን ጠልቶ ሳይሆን ድምፁ ስለሚያመው ነው። ዘማሪዎችም ድምፁን ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉለት ምንም አይጎድልባቸው። ልጁ ጭራሽ ሙዚቃ ካልወደደ ደግሞ ይተዉት፤ የእርሱ ደስታ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ወይም የሚሽከረከር ጎማ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ተቀምጠው አብረው ይዩለት።