እሳቱ ያለው ወጥ ቤት ነው

እናቴ ለንደን የመጣችው በጥር ነበር። በገባች ማግስት ሳሎን መስኮት ሥር ያለውን ነጭ ብረት በመዳፏ ዳሰስ አደረገችና «ይሄ ነገርማ ግሏል፤ እሳቱ የታለ?» አለችኝ። ወጥ ቤት ወስጄ ከሰሃን መደርደሪያው ጎን የተሰቀለውን ሣጥን አሳየኋት። አላመነችም። እሷ የምታውቀው ቦይለር አዲስ አበባ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለው፣ በመብራት የሚሠራው፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ የሚያሞቀው በርሜል ነው። «ታዲያ ይቺ ቤቱን ሁሉ ታሞቃለች?» ብላ ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ራሴ መልሱን ያገኘሁት እዚህ አገር ስንት ብርድ ካሳለፍኩ በኋላ ነው፤ ያውም ቸግሮኝ።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ቦይለር በእንግሊዝኛ «የሚያፈላ» ማለት ነው፤ የቤት ቦይለር ግን ውሃ አያፈላም። ወደ ክፍሎቹ የሚልከው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የፈላ ዕለት ተበላሽቷል ማለት ነው። ዋሺንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቼ «ሂተር» የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፤ የብዙዎቹ አየሩን ራሱን አሙቆ በወለልና በግድግዳ ቀዳዳ የሚነፋ ነው። የብሪታንያው ግን ሙቀቱን የሚያመላልሰው በውሃ ነው።

ሳሎን ያለው ቴርሞስታት ቤቱ መቀዝቀዙን ሲያሳውቅ ሣጥኑ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው እሳቱ ሳይሆን ማራገቢያው ነው። ጆሮውን ለሰጠ ሰው ቀስ እያለ የሚጨምር ፉጨት ይሰማዋል። ግድግዳውን በስቶ የወጣው የጭስ ማውጫ ቱቦ ውስጥ ቱቦ ያለበት ነው፤ በውስጠኛው ጭሱ ይወጣል፣ በውጨኛው አየር ይገባል። እሳቱ የሚተነፍሰው የደጁን አየር እንጂ የወጥ ቤቱን አይደለም። አየሩ ሲስተካከል የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ ብልጭታ ይነሣል፣ ሰማያዊ ነበልባል ይያያዛል። እሳቱን የሚጠብቅ ቀጭን ዘንግም አለ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነበልባል ካላገኘ ጋዙ ይዘጋል። ፓምፑ ውሃውን በነበልባሉ ዙሪያ በተጠመዘዘ ቧንቧ ያሳልፈውና እናቴ ወደ ዳሰሰችው ዓይነት ነጭ ብረቶች፣ ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋዋል። ውሃው በአንድ ጎን ገብቶ፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ጥሎ፣ በሌላው ጎን ወጥቶ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሚዞረው ውሃ ያው አንድ ውሃ መሆኑን ነው። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፣ አይደፋም፤ ዓመት ከዓመት እዚያው ይዞራል። አንድ ቀን የራዲያተሩን አየር ለማውጣት ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን በትንሿ ቁልፍ ላላ ሳደርጋት መጀመሪያ ሽው የሚል አየር ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ ቀለም የጠቆረ ውሃ ነጩ ግድግዳ ላይ ተረጨ። ጥቁረቱ ከብረቱ የመጣ ነው። አዲስ ውሃ ሲገባ ይዞት የመጣው ኦክስጅን ብረቱን ይበላል፤ ከብረቱ የሚፈረፈረው ጥቁር ዱቄት ማግኔት ይስበዋል። ለዚህ ነው አዳዲሶቹ ቤቶች ቧንቧው ላይ ማግኔት ያለው ማጣሪያ የሚገጠምላቸው፣ ውሃውም ዝገት የሚከላከል ኬሚካል የሚጨመርበት። ራዲያተር ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ይዟል፤ ከላይ ሞቆ ከታች መሐሉ ላይ ከቀዘቀዘ ጥቁሩ ዝቃጭ ተኝቶበታል። ይህችን ያወቀ ሰው ባለሙያ ሳይጠራ ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

አሁን ወደ ቸገረኝ ነገር። አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ሣጥኑ ጸጥ አለ። ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ቁርስ በሉ፤ እኔ ስልክ ላይ ተጣድኩ። ከሰዓት በኋላ የመጣው ሰውዬ የሣጥኑን መስኮት አየት አደረገ፣ ከሥሩ ካለችው ተጣጣፊ ቱቦ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ቧንቧዎች ከፈተ፣ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም በማይበቃ ጊዜ መልሶ ዘጋቸው። ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብላ የነበረችው የግፊት መለኪያ ቀስት 1.2 ላይ ቆመች። እሳቱ ተነሣ። የመጣበትን ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ቅለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ የወጣ መቶ ሊትር ውሃ ሁለት ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ውሃ ደግሞ ተጨምቆ አይጠቀጠቅም። ስለዚህ በላስቲክ ሽፋን ለሁለት የተከፈለ፣ አንዱ ጎኑ አየር የተሞላ ጋን ይገጠማል፤ ውሃው ሲያብጥ ላስቲኩን ይገፋል፣ አየሩ እንደ ኳስ ይጨመቃል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገፋዋል። ቤቱ ቀዝቃዛ ሳለ ቀስቷ ከ1 እስከ 1.5 ባር መካከል ትቆማለች፣ ሲሞቅ ከፍ ትላለች፤ 3 ባር ከደረሰ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ወደ ውጭ ያፈሳል። በጣም ከወረደች ግን ሣጥኑ ያለ በቂ ውሃ እንዳይነድ ራሱን ያጠፋል። የእኔም ይኸው ነበር። ሆኖም በየሳምንቱ ውሃ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፣ በተጨመረ ቁጥርም ያ ብረት በላ ኦክስጅን አብሮ ይገባል።

እናቴን ያሳመንኳት በምጣድ ነው። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ሥር ላብ ይቋጥራል። እንፋሎት እጅን ሲመታ ከፈላ ውሃ ይልቅ ክፉኛ የሚለበልበው፣ ወደ ውሃ ሲለወጥ የተሸከመውን ሙቀት ሁሉ ስለሚያራግፍ ነው። ጋዝም ሲነድ እንፋሎት ይወልዳል፤ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይወጣዋል። የድሮ ቦይለሮች ያንን እንፋሎት ከነሙቀቱ ወደ ሰማይ ይለቁት ነበር። እንግሊዝና ዌልስ ከ2005 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጆቹ) ጀምሮ፣ ከጥቂት ለየት ያሉ ቤቶች በቀር፣ አዲስ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር ጭሱን እንዲያልበው አስገድደዋል። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ከራዲያተሮቹ የተመለሰውን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የያዘ ብረት ይነካል፤ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ላብ ይሆንና ሙቀቱን ያስረክባል፣ ላቡ በፕላስቲክ ቱቦ ይፈሳል። ግን ይህ የሚሆነው የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ሣጥኑን 80 ላይ ሰቅሎ የተወ ሰው የገዛው የሚያልብ ቦይለር ነው፣ የሚያነደው ግን እንደ ድሮው ነው። የእኔን ወደ 60 አውርጄዋለሁ፤ ራዲያተሩ እንደ ቀድሞው አያቃጥልም፣ ቤቱም ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ጋዙ ግን ቀንሷል። ላቡን የምታወጣው ቱቦ በደጅ ከዞረች በጽኑ ብርድ ትቀዘቅዝና ሣጥኑን ታስቆማለች፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2010 ብዙ ቤት ያለ ማሞቂያ የቀረው በዚህች ቱቦ ነው። ለብ ያለ ውሃ ይፈስባታል፤ የፈላ አይደለም።

ገላዬን ልታጠብ ብዬ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስከፍት ደግሞ ሣጥኑ ራዲያተሮቹን ለጊዜው ይተዋቸዋል። አንድ ቫልቭ ይዞርና ሙቀቱ ሁሉ ወደ ቧንቧው ውሃ ይሄዳል። ኃይሉ የሚታየው ያኔ ነው፤ 24 ኪሎዋት ማለት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደመጣድ ነው። እንደዚያም ሆኖ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ውሃ ቢያሞቅ ነው፣ ሁለት ሰው በየፊናው ሻወር ከገባ አንዱ ይበርደዋል።

ቤታችን ውስጥ ትልቁ ጠብ የቴርሞስታቱ ነው። በርዶት የገባ ሁሉ 30 ላይ ያደርገዋል፣ ቶሎ የሚሞቅለት መስሎት። መሣሪያው ግን «እዚህ ስትደርስ አቁም» ባይ ነው እንጂ «ፍጠን» ባይ አይደለም። ዋረን ጆንሰን የተባለ የዊስኮንሲን መምህር በፈረንጆቹ 1883 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታትም ሥራው ይኸው ነበር፤ የክፍሉን ሙቀት ለማስተካከል የጽዳት ሠራተኛው በየሰዓቱ ትምህርት እያቋረጠ መግባቱ ቢያስቸግረው ነው ይባላል።

አንድ ነገር በቀልድ አይታለፍም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እየሰማን አድገናል፤ በደንብ ያልነደደ ጋዝም የሚያወጣው ያንኑ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የግፊት ቀስቷን ማንም ማየት፣ ውሃ መጨመርም ይችላል። ሽፋኑን ከፍቶ ጋዙን መንካት ግን ብሪታንያ ውስጥ «ጋዝ ሴፍ» መዝገብ ላይ ለሰፈረ ባለሙያ ብቻ ነው የተፈቀደው። ተከራይ የሆነ ደግሞ አከራዩ የጋዙን ዕቃ በየዓመቱ ማስመርመርና የምርመራውን ወረቀት መስጠት በሕግ እንዳለበት ይወቅ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ቦይለሩ ባለበት ክፍል መስቀል ከአንድ ጥሩ ምሳ አይበልጥም።

እናቴ በሦስተኛው ሳምንት የእንጀራ ሊጥ አቦካች። ብርዱ አላስኮምጥ ስላላት ባልዲውን ራዲያተሩ ሥር፣ ቧንቧው በሚገባበት ጎን አስቀመጠችው፤ በማግስቱ ከመጠን በላይ ኮምጥጦ አገኘችው። ምንም ሳትለኝ ሁለቱን ቧንቧዎች በመዳፏ እየዳሰሰች አወዳደረችና ባልዲውን ውሃው ተመላሽ ወደሆነበት ጎን አዞረችው። የዚያ ሳምንት እንጀራ ዓይን በዓይን ነበር።