የቅበላው ዕለት ዘውድ
በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰብ ከማዕድ ተነሥቶ በቴሌቪዥን ፊት መሰብሰቡ የተለመደ ነው። የሚታየው የታሪክ ድራማ ሲሆን ልጆች ያዩትን ሁሉ እውነት ብለው ይይዙታል። የአዘጋጁ ኃላፊነት የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ የዳግማዊ ቴዎድሮስን ንግሥ እንውሰድ። ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ከነሡ በኋላ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቡነ ሰላማ እጅ የነገሡት በስሜን ምድር፣ ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነበር። ዛሬ ከደባርቅ ተነሥቶ በጨነቅ በኩል በራስ ደጀን ግርጌ ወዳለችው አምቢኮ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ገደሉና ጅብራው ለዚያ ዘመን ታሪክ የተዘጋጀ መድረክ ይመስለዋል።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ሆኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቴዎድሮስን ታሪክ በተውኔት ጽፈዋል። የቲያትር መድረክ ተራራን በአንድ መጋረጃ ያሳያል፤ ካሜራ ግን የሚደብቀው ነገር የለም። ከተዋናዩ በስተጀርባ ባሕር ዛፍ ከታየ ስሕተት ነው፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነውና። ውጅግራም እንዲሁ ነው። የስሙ መነሻ የሆነው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1874፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ከወደቁ ከ6 ዓመት በኋላ ነው። ለቃለ ተውኔቱ ደግሞ የደብተራ ዘነብና የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሎች በአማርኛ የተጻፉ በመሆናቸው የዘመኑን አነጋገር ያቀብላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚዘነጋው የቀን አቆጣጠር ነው። ዘውዱ የተደፋው እሑድ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ነበር። በባሕረ ሐሳብ ሲሰላ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው፤ ጾመ ነነዌ ጥር 22፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 6 ይገባል። እንግዲህ የንግሡ ዕለት ቅበላ ነበረ ማለት ነው።

ስለዚህ በንግሡ ግብር ላይ ሥጋ ያቀረበ አዘጋጅ አልተሳሳተም። ያንኑ ሥጋ በማግሥቱ ትዕይንት ላይ ቢደግመው ግን ሠራዊቱን ጾም አስገደፈ። በጾሙ ሳምንታት ከበሮና ጸናጽል ዝም ስለሚሉ የድምፅ ባለሙያውም መጠንቀቅ አለበት።

ልብስና ጋሻ ከአዋቂ እጅ ይገኛል። ቀኑን የሚያውቀው ግን የባሕረ ሐሳብ መምህር ነው። የታሪክ ድራማ አዘጋጅ ካሜራውን ከመጥመዱ በፊት የእኒህን ሊቅ ደጅ ቢጠና፣ ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ታሪክ ሳይዛባ ያያሉ።